የግርማቸው መደብ

ኤልፍነሽ የሥጋውን ከረጢት ከሮማነወርቅ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ ስታደርገው ከሥሩ የነበሩት ወረቀቶች ረጠቡ። ይቅርታ አልጠየቀችም። ያን ሳምንት ማንንም ይቅርታ ላለመጠየቅ ምላ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሮማነወርቅ ወረቀቶቿን እያነሣች።

«ኤልክ ነው፣ እትዬ። ወንድሜ የሞተበት ሥጋ። ደምሰው ትናንት ቤቴ ድረስ አምጥቶ ‹ከድርሻዬ ግማሹን ላንቺ› አለኝ። ምጽዋት መሆኑ ነው። የወንድሜ መደብ የት አለ ብዬ ብጠይቀው አፈጠጠብኝ።»

ሮማነወርቅ አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች። ለትምህርት ሎስ አንጀለስ እንደመጣች አብዮቱ ፈነዳና የመመለሷ ነገር ተበላሸ። አሁን ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ትሠራለች፤ ሱቃቸውን በገዛ እጃቸው አቃጥለው ካሣ የሚጠይቁትን እያደነች ታጋልጣለች። ዕድሜዋ አርባን ቢያልፍ ነው። ብዙ አትናገርም፤ ሰው ሲናገር የምታዳምጥበት ሁኔታ ግን ውሸታሙን ሁሉ ያቁነጠንጠዋል።

«ቁጭ በዪና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ኤልፍነሽ ቁጭ አላለችም። ቆማ ነገረቻት።

ወንድሟ ግርማቸው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር፣ ማለትም ከደምሰው፣ ከአስናቀና ከኅሩይ ጋር፣ ኤልክ ሊያድን ኮሎራዶ ተራራ ሄደ። ኤልክ ቁመቱ ከፈረስ የሚወዳደር ትልቅ አጋዘን ነው። ግርማቸው ሥጋውን የፈለገው ለኅዳር ሚካኤል ነበር፤ የጽዋ ማኅበሩን የመደገስ ተራው የእሱ ነው። ኤልኩን መቱት፤ ገደል ገብቶ ወደቀ። መኪናው የቆመበት ሩቅ ስለሆነ ሥጋውን እየተሸከሙ ይመላለሱ ጀመር፤ ግርማቸው ከበድኑ ጋር ቀረ። እኩለ ቀን ላይ ከወደ ላይ ተኩስ ሰሙ። ሲወጡ ግርማቸው ደረቱን ተመትቶ ሞቷል፤ የገዛ ጠመንጃው አጠገቡ ወድቋል።

«ሸሪፉ ራሱን ገደለ ብሎ ዘጋው። ብደውልለት ‹ማም፣ ኬዙ ክሎዝድ ነው› አለኝ። ሰዉም አመነ። ለምን እንዳመነ ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«በይትባረክ ምክንያት።»

ይትባረክ የመጨረሻ ወንድማቸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከተደበቀበት ቤት ታጣቂዎች አውጥተው እንደገደሉት የተሰማው ግርማቸው ወደ ተራራው ከመሄዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የኤልፍነሽ አፓርትመንት ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ‹ሐዘኑ አላስችለው ብሎ ነው› እያለ ይንሾካሾካል። አባ ላእከ ማርያምም ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት እንዳያደርጉ ሕጉ ያስራቸዋል። ቀብሩ ሰኞ ነው። ግርማቸው እንደ ክርስቲያን ተፈትቶ ይቀበራል ወይስ እንደ ውሻ ይጣላል፣ ነገሩ ይኸው ነበር።

«ወንድሜ ራሱን አልገደለም» አለች ኤልፍነሽ። «ሸሪፉም አባም ማኅበርተኛውም ተሰብስቦ ቢምልልኝ አላምንም። እርስዎም የማያምኑኝ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝና ሥጋዬን ይዤ ልሂድ።»

ሮማነወርቅ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። «ደምሰውን ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው? ድገሚልኝ እስቲ።»

«የወንድሜ መደብ የት አለ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ከረጢቱን ያዢው፤ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። ከዚያ አብረን እንሄዳለን።»

ደምሰው ካልቨር ሲቲ ይኖራል፤ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ መብራት ይሠራል። ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ኤልፍነሽን ሲያይ ፊቱን አኮሳተረ፤ ሮማነወርቅን ሲያይ ግን ሸሚዙን ቆለፈ።

«እኔ እኮ በደግ ነው ያመጣሁላት» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ሶ፣ ምን ላድርግ? ሥጋው ለሦስት ነበር የደረሰን፤ ከእኔ ቀንሼ ሰጠኋት።»

«ከግርማቸው ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለች ሮማነወርቅ።

«ማን አለ?»

«አሁን አንተ አልክ።»

ደምሰው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «በግዳዩ ነው። መጀመሪያ ያደማሁት እኔ ነኝ፤ የጣለው እሱ ነው። እንደ አገራችን ወግ ግዳዩ የሚገባው ላደማው ሰው ነው። እሱ ደግሞ የወደቀው በእኔ ጥይት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ተጨቃጨቅን፤ በቃ። ሰው በኤልክ ይገዳደላል እንዴ?»

«ተኩሱ ሲሰማ የት ነበርክ?»

«መንገድ ላይ። ጫማዬ ተረከዜን ልጦኝ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። አስናቀና ኅሩይ መኪናው ጋ ደርሰዋል። አውቃለሁ፣ ሰዉ የሚያወራውን ሰምቻለሁ፤ ‹ደምሰው ብቻውን ነበር› ይላሉ። ይበሉ። ወንድ የሆነ ፊቴ ቆሞ ይበለኝ።»

«እስቲ ሥጋውን እንዴት እንዳወረዳችሁት ንገረኝ።»

ነገራት። በማለዳ አራቱም በድኑ ጋ ነበሩ። ደምሰውና አስናቀ አንዳንድ ታፋ ተሸክመው ቀድመው ወረዱ። ኅሩይና ግርማቸው ሥጋውን ከአጥንት ሊለዩ ቀሩ። ኅሩይ አንድ ወርች ተሸክሞ ቆይቶ ደረሰባቸው። ከዚያ ሦስቱ አብረው ለሁለተኛው ዙር ተመለሱ። አጥንት አልባው ሥጋና የሆድ ዕቃው በከረጢት ተቋጥሮ፣ ከገደሉ አፋፍ ካለ ጥድ ላይ ተሰቅሎ ጠበቃቸው።

«ለምን ከበድኑ ራቅ አለ?»

«ለድቡ ነዋ። ድብ ወደ በድኑ ነው የሚመጣው። ገደሉም ቁልቁለት ነው፤ እዚያ ድረስ አልወረድንም። አንዳንድ ከረጢት አወረድንና ተሸክመን ሄድን።»

«ስንት ከረጢት ነበር?»

«ሦስት። እኛም ሦስት ነን።»

«ታፋውንስ?»

«እሱን እዚሁ ኤልኤ መጥተን ነው የተካፈልነው። እሱ እንግዲህ ከሞተ በኋላ ነው፤ ለሦስት ሆነ።»

ሮማነወርቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። «የአየሩ ሁኔታ እንዴት ነበር?»

«አየሩ?» ደምሰው ኤልፍነሽን አየት አደረጋት፤ ሴትዮዋ ምን ነካት እንደማለት። «የመጀመሪያውን ዙር ስንወርድ በረዶ መጣብን፤ ዐይን አያሳይም ነበር። ለሁለተኛው ስንነሣ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጠብ ያለ ነገር የለም።»

አስናቀ ወደሚኖርበት ወደ ኖርዝ ሆሊውድ ነዱ። መንገድ ላይ ኤልፍነሽ ድንገት «እሱ ነው» አለች። «ደምሰው ነው። ኩራቱን አዩት?»

«ኩራት ብቻውን ሰው አይገድልም። አንቺስ የደበቅሽኝ ነገር የለም?»

ኤልፍነሽ ጥርሷን ነከሰች። ይህን ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ ብትናገር የወንድሟን ስም የሚያጠፉት ሰዎች ማስረጃ አገኘን እንዳይሉ ፈርታለች።

«ይትባረክ መገደሉን የሰማን ዕለት ግርማቸው ግድግዳውን በቡጢ እየመታ ‹የት እንዳለ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት› አለ። ለማን ብለው አልነገረኝም። ራሱን እየወቀሰ መስሎኝ ነበር።»

ሮማነወርቅ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመች። «ይህን ነው መጀመሪያ መንገር የነበረብሽ።»

«ራሱን ገደለ እንዲሉ?»

«ሞኝ አትሁኚ። ራሱን ወቅሶ ሊሞት የፈለገ ሰው ብቻውን ወንዝ ይፈልጋል። ግርማቸው ግን ሦስት ሰው ይዞ ተራራ ነው የወጣው።»

አስናቀ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበር፤ አሁን ባንክ ይሠራል። ልቡ ገር ነው፤ ኤልፍነሽን ሲያይ ገና ዕንባው መጣ። ሻይ አፍልቶ፣ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ እንዳለ፣ ትንሽ ጥብስ ብቻ እንደሠራበት፣ እሱም አልዋጥለት እንዳለው ተናገረ።

«ከረጢቱን የት ነው የፈታኸው?»

«እዚሁ። ተራራው ላይ እንደተቋጠረ ኩለር ውስጥ፣ በረዶ ላይ አስገባነው። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ ሲለኝ በመቀስ ቆረጥኩት።»

«ከተኩሱ በፊት ነው ኩለር ውስጥ የገባው?»

«አዎ። የእኔና የኅሩይን አስገብተን የደምሰውን ስንጠብቅ ነው የተተኮሰው። ኅሩይ ‹ግርማቸው ድብ አስደንብሮ ይሆናል› ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።» አስናቀ ዕንባውን ጠረገ። «መሳቄ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«ተኩስ በዕለቱ ስንት ጊዜ ሰማችሁ?»

«ኦ፣ ጠዋቱን ሙሉ። የአደን ወቅት ነው፤ ተራራው በአዳኝ ተሞልቷል። የእኩለ ቀኑ ግን በእኛ ወገን ነው የመጣው፤ ቢያንስ እንደዚያ መሰለን።»

«ለሁለተኛው ዙር ከጥዱ ሥር ስትደርሱ ግርማቸውን አየኸው?»

«አላየሁትም። ልጠራው ስል ኅሩይ ‹ተወው፣ እጁን ሊታጠብ ጅረት ወርዷል› አለኝ።»

«በኋላ ስታገኙትስ እንዴት ነበር?»

«በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። በሕይወት ያለ መስሎኝ ሮጥኩ። ጀርባው ላይ የነበረውን በረዶ በእጄ ጠረግሁለትና ገለበጥኩት።» ኤልፍነሽ ልታጽናናው እጇን ዘረጋች፤ ሮማነወርቅ ግን የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ከመደቡ ውስጥ የጉበቱን ቁራጭ ሳያቀልጥ እንዲሰጣት።

«ጉበት? ለምን?»

«እሑድ ቤቷ ስትመጣ ታየዋለህ። የኅሩይ አባት እስር ቤት ነበሩ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ምን ደረሱ?»

«አልሰማችሁም? ሰሞኑን ተፈቱ እኮ። በዚህ ሁሉ ሐዘን መካከል ደስ ያለን በእሳቸው ብቻ ነው።»

ኅሩይ የሚኖረው ዌስት አዳምስ፣ አሮጌ ግን ንጹሕ ቤት ውስጥ ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ አሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ጠመንጃ አይዝም። አዳኞቹ የሚወስዱት ቢላዋ ለመያዝ ነው፤ የተመታው አውሬ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ አንገቱን የሚባርከው እሱ ነው። እሱ ካልባረከው ሥጋው በክት ነው፤ ማኅበርተኛው አይቀምሰውም።

ኤልፍነሽ ከሁሉም የምትወደው እሱን ነበር። ሌላው ሰው ሲንሾካሾክ አባ ላእከ ማርያም ዘንድ ሄዶ ‹ጠመንጃው በስሕተት ባርቆበት ይሆናል፣ አባ፣ ይፍቱልን› ብሎ የለመነ እሱ ብቻ ነው።

«እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ፣ እትዬ» አለ ኅሩይ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ይህማ ግልጽ ነው። የመጨረሻው ሰው አንተ ነህ አይደል ግርማቸውን ያየኸው?»

«አዎ። እነደምሰው ሄደው ጥቂት አብረን ሠራን። ከዚያ ወርቹን ተሸክሜ ወረድኩ። ስለየው ጎድኑን ከአጥንት እየለየ ነበር። ፊቱ ጥቁር ብሏል፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።»

«ሥጋውን በመደብ የከፋፈለውስ ማነው? ማኅበሩ ውስጥ መዳቢው አንተ ነህ ይባላል።»

«ዘወትር እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ስሄድ ገና አልተመደበም። ግርማቸው ነው የመደበው፤ ከጥዱም ላይ የሰቀለው እሱ ነው።»

«አንተ እጅህን አላገባህበትም?»

«አላገባሁም። ከረጢቱን ያየሁት ለሁለተኛው ዙር ስንመለስ ነው።»

ሮማነወርቅ ጉበቱን ጠየቀችው። ኅሩይ ሳያቅማማ ከፍሪዘር አውጥቶ ሰጣት፤ እንዲያውም እንዳይቀልጥ በጋዜጣ ጠቀለለላት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሥጋ አልተነካም። በሩ ድረስ ሸኝቷቸው ኤልፍነሽን «በርቺ፣ እኅቴ» አላት።

መኪና ውስጥ ኤልፍነሽ አለቀሰች። «ይኼን ሰው እንኳ ይጠረጥሩታል?»

«እኔ የጠረጠርኩት ጉበቱን ነው» አለች ሮማነወርቅ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኤልፍነሽ ሳሎን በሰው ተሞላ። ከሥር ያለው የአይሁዶች ዳቦ ቤት ሽታ በመስኮት ይገባል። አባ ላእከ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ከሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማኅበርተኛው ምንጣፉ ላይ ሁሉ ሰፍሯል። ደምሰው በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ አስናቀና ኅሩይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለት የማይታወቁ ነጮች ደጁ ላይ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ቁጭ ብለዋል፤ ከሮማነወርቅ በቀር ልብ ያላቸው የለም።

«አባ፣ ይፍቀዱልኝ» አለች ሮማነወርቅ። «ነገ ፍትሐት ይደረግለት አይደረግለት የሚለውን ከመወሰንዎ በፊት ግርማቸው እንዴት እንደሞተ ልናገር።»

«ተናገሪ፣ ልጄ» አሉ አባ። «እኔንም ከዚህ የሕግ ማሰሪያ ብትፈቱኝ ደስ ይለኛል።»

«ሁላችንም ግርማቸው የሞተው እኩለ ቀን ላይ ነው ብለናል። ለምን? ተኩስ ስለተሰማ። በአደን ወቅት ተራራ ላይ ተኩስ መስማት ምንም ማስረጃ አይሆንም። አስናቀ፣ ስታገኘው ከጀርባው ላይ ምን ጠረግህለት?»

«በረዶ።»

«ደምሰው፣ በረዶው መቼ ጣለ?»

«የመጀመሪያውን ዙር ስንወርድ። ለሁለተኛው ከመነሣታችን...» ደምሰው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ከመነሣታችሁ በፊት አባራ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ የወደቀ ሰው በረዶው ከሥሩ ይሆናል እንጂ ከላዩ አይሆንም። ሸሪፉ ዘንድ ደውዬ ፎቶዎቹን እንዲመለከት ለመንኩት። መጀመሪያ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ተመለከተ። ግርማቸው ተኝቶበት የነበረው መሬት በረዶ አልነካውም። ስለዚህ ከረጢቶቹን ከጥዱ ላይ ስታወርዱ ግርማቸው ገደሉ ውስጥ ሞቶ ነበር።»

ሳሎኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ኅሩይ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው እኔ ከሄድኩ በኋላ ወዲያው ነው ራሱን የገደለው» አለ። «ሰዓቱ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም፣ እትዬ። ብቻውን ነበር።»

«ልክ ነህ። በረዶው ሰዓቱን ነው የነገረን፤ የማን እጅ እንደተኮሰ አልነገረንም። እጁን የነገረችን ኤልፍነሽ ናት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሮማነወርቅ ምን ማለቷ እንደሆነ ኤልፍነሽም አልገባትም።

ሮማነወርቅ ከኩሽናው ትሪ ይዛ መጣች። ትሪው ላይ ሦስት የጉበት ቁራጮች ነበሩ፤ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። አንዱ ሳይቆረስ ከደምሰው ምጽዋት፣ አንዱ ከአስናቀ፣ አንዱ ከኅሩይ የመጣ ነው። ጠርዝ ለጠርዝ አስጠግታ ገፋቻቸው። ገጠሙ። አንድ ሙሉ ጉበት ሆኑ፤ የጎደለ ጠርዝ፣ የተረፈ ክፍተት አልነበራቸውም።

«ቅርጫ ገብታችሁ የማታውቁ አትኖሩም» አለች። «ከጉበቱም ከጨጓራውም ለየመደቡ ይደርሳል። አባል ያህል መደብ ነው፤ አንድም አይጨምር፣ አንድም አይጎድል። እነዚህ ሰዎች አራት ሆነው ነበር የሄዱት። ከረጢቶቹ ተራራው ላይ ተቋጥረው፣ ሳይፈቱ እዚህ ደርሰዋል። ታዲያ አራተኛው የጉበት ቁራጭ የት አለ?»

ትሪውን ወደ አባ ፊት አቀረበችው።

«የለም። ድብ አልወሰደውም፤ ጉበቱ ሙሉ ነው። መጀመሪያውኑ ለሦስት ነው የተከፈለው። ኅሩይ የመደበው ግርማቸው ነው ይላል። ግርማቸው ለኅዳር ሚካኤል ደጋሽ ነው፤ ተራራ የወጣው ለዚሁ ሥጋ ነው። ከሁሉ በፊት የማንን መደብ ያወጣ ነበር? የራሱን። በግዳዩ ከደምሰው ጋር የተጣላ ሰው ድርሻውን ትቶ ለሦስት ይመድባል?»

«በጭራሽ» አለ ደምሰው ከበሩ። «ግርማቸው? ጨርሶ አያደርገውም።»

«ስለዚህ የመደበው ግርማቸው መሞቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ደምሰውና አስናቀ አብረው ወርደዋል፤ ሲመለሱ ሦስቱ ከረጢቶች ተሰቅለው ነው ያገኟቸው። ከግርማቸው ጋር የቀረው አንድ ሰው ነው። ማኅበሩ ውስጥ ዘወትር የሚመድበውም እሱ ነው። ከጥዱ ሥር ግርማቸው እንዳይጠራ የከለከለውም እሱ ነው።»

አስናቀ ቀስ ብሎ ከኅሩይ ጎን ተነሣ። ኅሩይ ጉበቱን እያየ ቀረ። ላብራራ፣ ልከራከር የማለት ፍላጎት ፊቱ ላይ ታይቶ ጠፋ።

«ለምን?» አለች ኤልፍነሽ። «ለአባትህ ነው?»

ኅሩይ ዐይኑን ከጉበቱ ላይ አነሣ። ከዚያ ሲናገር ለአባ ይሁን ለእሷ አይለይም ነበር።

«አባቴን ሊገድሏቸው ነበር። በስልክ አንድ ሰው አነጋገረኝ። ‹የምትነግረን ካለ ሽማግሌው ይተርፋሉ› አለኝ። ግርማቸው ይትባረክ የት እንዳለ ነግሮኝ ነበር፤ ለእኔ ብቻ። ይይዙታል እንጂ ይገድሉታል አላልኩም። ገደሉ ውስጥ ስንሠራ ቢላዋውን አስቀመጠና ‹ከአንተ በቀር ለማን ነገርኩ?› አለኝ። ዋሸሁት። አላመነኝም። ኤልኤ ስገባ ለሁሉም እናገራለሁ አለ። ጠመንጃው ከድንጋዩ ላይ ተደግፎ ነበር።»

«ከዚያም ቁጭ ብለህ ሥጋ መደብክ» አለች ሮማነወርቅ።

«ሥራውን ጨርሼ ካልወረድኩ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። እጄ የለመደው ነው። ለአራት ልመድብ ጀምሬ ነበር፤ አራተኛውን ለሱ ማውጣት ግን አልቻልኩም። እዚያው ተደፍቶ እያየሁት መደብ ማውጣት አልሆነልኝም። ሦስት መሆኑን ሰው ልብ ይላል ብዬም አላሰብኩም።»

አልተሳሳተም፤ ማንም ልብ አላለም ነበር። ሦስት ሰው ሦስት ከረጢት ይዞ ሲገባ ማን ይጠይቃል? የጠየቀችው በንዴት፣ የወንድሟን ድርሻ አላስነካም ያለች አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ኅሩይ ከምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ፣ ኤልፍነሽ።»

አባ ላእከ ማርያም መስቀላቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ይቅርታ...»

«አይሆንም፣ አባ» አለች ኤልፍነሽ። «ዛሬ አይሆንም። ሳምንቱን ሙሉ ‹በርቺ እኅቴ› ሲለኝ ወንድሜን እንደ ውሻ ሊያስቀብረው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ለእርስዎ ‹ባርቆበት ይሆናል› ብሎ የለመነውም ለወንድሜ አዝኖ አይደለም፤ ለገዛ ሕሊናው ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ ሥልጣኑ አለው። እኔ ግን ፍርድ ቤት ቆሞ የሁለቱንም ስም እየጠራ ያደረገውን ሲናገር ልስማ። ከዚያ ወዲያ እናያለን።»

አባ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ሮማነወርቅ በመስኮቱ በኩል እጇን ስታወዛውዝ ሁለቱ ነጮች፣ የፖሊስ መርማሪዎቹ፣ ደረጃውን ወጡ። ኅሩይ ሳይገፉት ተነሥቶ ሄደ። ደምሰው በሩን ለቀቀለት፤ ሲያልፍ ፊቱን አዞረበት።

ሰው ሁሉ ኤልፍነሽን ሊያቅፋት ተንጋጋ። ሲንሾካሾኩ የሰነበቱት ሁሉ አሁን ‹እኛ እኮ ቀድሞም አላመንንም› ይሉ ጀመር። አላቀፈቻቸውም። ሰንጥቃቸው አልፋ አባ ፊት ቆመች።

«ነገ ፍትሐቱን አደርሳለሁ» አሉ አባ። ዐይናቸው ቀልቷል። «በሰው ወሬ ሥርዓቱን ልነፍገው ነበርና አንቺም ይቅር በይኝ። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

«ወልደ ማርያም።»

«ወልደ ማርያም» አሉ አባ።

«ሌላም አለ፣ አባ። ገብረ ሚካኤል። የይትባረክ ነው።»

አባ ጥቂት አመነቱ። «ልጄ፣ የሱ ሬሳ...»

«ሬሳው የት እንደተጣለ አላውቅም። እናቴ ጮኻ እንዳታልቅስ እንኳ ከልክለዋታል። ማንም አልፈታውም። ሁለቱ የሞቱት በአንድ ሰው ምላስና እጅ ነው፤ ነገ ሁለቱንም ይፈቷቸዋል። ሣጥኑ አንድ ነው ካሉኝ፣ ስሙ ግን ሁለት ነው። እምቢ ካሉኝ ወንድሜን ራሴ አፈር አለብሰዋለሁ።»

ሽማግሌው ቄስ ልጅቱን ትክ ብለው አዩአት፤ በእሳቸው ፊት እንዲህ የተናገረ ሰው ከስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

«ሁለቱንም እጠራለሁ» አሉ።

ሰኞ ዕለት ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር። አባ ላእከ ማርያም ከአንድ ሣጥን ፊት ቆመው ፍትሐቱን አደረሱ። ወልደ ማርያም ብለው ሲጠሩ ሕዝቡ አለቀሰ። ገብረ ሚካኤል ሲሉ ነገሩን ያልሰሙት ሰዎች ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዲት ሴት ወደ ኤልፍነሽ ጠጋ ብላ «ሁለተኛው ማነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሱም ወንድሜ ነው» አለች ኤልፍነሽ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።